ገበያው በኪሎ፣ ማድ ቤቱ በጣሳ

ጠጅ በበዓል ዋዜማ አይጣልም። ለፋሲካ የታሰበው ማር ገና በጾሙ አጋማሽ ተገዝቶ፣ ተበርዞና ጌሾው ገብቶበት መከደን አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ያን ሰሞን እናት ዘመድ ለመጠየቅ ጎንደር ሄደው ስለነበር፣ ጠጁን የመጣሉ ተራ ለልጃቸው ደረሰ። ልጅቱ ከመርካቶ 5 ኪሎ ማር ገዝታ፣ በርሜሉን አጥባ፣ በወይራ አጥና ከጨረሰች በኋላ ስልክ ደወለች።

«እማዬ፣ ውኃው ስንት ነው?»

«አንድ ለአራት ነዋ ልጄ! ማሩ አንድ፣ ውኃው አራት።»

«በቃ?»

«በቃ። ከዚያ ደኅና አድርገሽ በጥብጪና ከድነሽ ተዪው።»

5 ኪሎ ማር በአራት ሲባዛ 20 ሊትር ውኃ ይመጣል። ልጅቱ 20 ሊትሩን ለክታ ጨመረች። እናት ለበዓሉ ተመልሰው ሲቀምሱ የመጀመሪያ ቃላቸው «ምነው ቀጠነ?» የሚል ነበር። ወዲያው ነጋዴው ታማ፤ ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ነው ተባለ። ማሩ ግን ምንም አልነበረበትም። እናት ሁልጊዜ ማሩንም ውኃውንም የሚሰፍሩት በአንድ የላስቲክ ጆግ ነው። አንድ ጆግ ማር ካሉ አራት ጆግ ውኃ ይከተላል። ልጅቱ ደግሞ ማሩን የምታውቀው ከነጋዴው ሚዛን ላይ በወረደበት ኪሎ ነው። ሁለቱም «አንድ ለአራት» አሉ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ነበሩ፤ ጠጁ ግን ቀጠነ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር የተጣራ ማር ግን 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ከማር ውስጥ ውኃው ከአምስት አንድ እጅ አይበልጥም፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ስኳር ነው፤ ስኳር ደግሞ ከውኃ ይከብዳል። ስለዚህ ከመርካቶ የመጣው 5 ኪሎ ማር በጆግ ቢሰፈር 3.5 ሊትር ብቻ ነው። የእናትየዋ አራት እጥፍ 14 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ልጅቱ 6 ሊትር አስበልጣ ጨመረች። በእናት አሰፋፈር ከብርዙ ክብደት ከሩብ የሚበልጠው ማር ነው፤ በልጅ አሰፋፈር ግን ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ። እርሾው ወደ አልኮል የሚለውጠው የማሩን ስኳር ስለሆነ፣ ስኳሩ ባነሰ ቁጥር ጠጁ ጉልበትም ጣዕምም ያጣል። ሰፈፍ የበዛበት ያልተጣራ ማር ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ትንሽ ይለወጣል፤ ሰም ከውኃ ስለሚቀል አንድ ጆግ እንዲህ ያለ ማር ከተጣራው ያነሰ ይመዝናል።

እንዲህ ያለው አለመግባባት በየቤቱ አለ። ገበያችን በኪሎ ይናገራል፤ ማድ ቤታችን ግን በዕቃ ነው የሚናገረው። ምስሩን በኪሎ ገዝተን በጣሳ ሰፍረን እንቀቅላለን። በርበሬው በኪሎ ተገዝቶ ተፈጭቶ ይመጣና ወጡ ውስጥ የሚገባው በጭልፋ ወይም በሾርባ ማንኪያ ነው። ዘይቱን በሊትር ገዝተን በቡና ሲኒ እናንቆረቁራለን። በገበያውና በማድ ቤቱ መካከል ያለውን መንገድ እስከ ዛሬ የያዙት የእናቶቻችን እጆችና ዕቃዎች ናቸው። የእናት እጅ እዚያው እያለ ችግር የለም። ሴት ልጅ ወይም ወንድ ልጅ ከቤት ወጥቶ፣ ዕቃው እዚያ ቀርቶ፣ «ስንት ጣሳ ነበር?» የሚል ጥያቄ በስልክ ሲመጣ ነው ችግሩ የሚፈጠረው።

ዕቃ ለራሱ ቤት ታማኝ ነው። የአንዷ ቤት ጣሳ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር፤ የጎረቤቷ ደግሞ የቲማቲም ድልህ የመጣበት። ሁለቱም ጣሳ ይባላሉ። የገጠሩ ቁናና እንቅብም እንዲሁ ናቸው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት የታሪክ ተመራማሪ ሪቻርድ ፓንክረስት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 በተቋሙ መጽሔት ላይ ስለ አገራችን መስፈሪያዎችና ሚዛኖች ታሪክ ሰፊ ጥናት አውጥተው ነበር። ከጥናቱ ጎልቶ የሚታየው የመስፈሪያው ስም አንድ ሆኖ መጠኑ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከገበያ ገበያ መለያየቱ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው ተረታችንም የሚሠራው ሰጪና ተቀባይ አንድ ቁና ሲኖራቸው ነው።

ዕቃው አንድ ቢሆን እንኳ የሚሰፈረው ነገር ራሱ ያስቸግራል። ከሁሉ አስቸጋሪው ዱቄት ነው። አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው አየር ነው። ይህን ማንም ቤቱ ውስጥ ሊያየው ይችላል። ብርጭቆውን ዱቄት ውስጥ ነክሮ አጭቆ የሚያወጣ ሰውና ዱቄቱን ነፍቶ በማንኪያ ቀስ እያለ የሚሞላ ሰው፣ ሁለቱም አፉን በቢላ ጀርባ ቢጠርጉት፣ ለዓይን አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይይዛሉ። ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ይለያያሉ። በአሜሪካኑ የመስፈሪያ ኩባያ ቀስ ተብሎ የተሞላው 120 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የታጨቀው 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። በአራት ኩባያ ዱቄት የሚሠራ ዳቦ ላይ ልዩነቱ ከመቶ ግራም ያልፋል። ሊጡ አንድ ቀን ለስልሶ፣ በማግስቱ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረው በዚህ ነው። «እጄ ዛሬ አልሆነም» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ እጇን ያለ ጥፋቱ ትከሳለች።

ከወፍጮ ቤት ትኩሱን የመጣ ዱቄት ነፋ ብሎ ይቆያል፤ ሰንብቶ፣ ተጭኖ፣ በታክሲ ተንገጫግጮ የመጣው ደግሞ ይጠቀጠቃል። አንድ ጣሳ ሽሮ ከመነፋቱ በፊትና ከተነፋ በኋላ አንድ አይደለም። መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደረጉት ጣሳ ደግሞ ሌላ ጣሳ ነው። የእህል ዘር ከዚህ ሁሉ የተሻለ ጠባይ አለው፤ ምስር፣ ሩዝ፣ ጤፍ በዕቃቸው ውስጥ ብዙም አይለዋወጡም።

ቁልሉንም መርሳት የለብንም። ጉሊት ላይ ተቆልሎ የተሰፈረውና ምራቂ የተጨመረበት ጣሳ፣ አፉ ላይ ከተጠረገው ጣሳ በብዙ ይበልጣል። ማድ ቤትም ውስጥ «ሁለት ማንኪያ» ስንል ቁልል ይሁን ልክ አንናገርም። ይህንን ሥርዓት ለማስያዝ ከተነሡት ሰዎች ስሟ የሚጠራው አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር ናት። በቦስተን የምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ፣ ኩባያም ማንኪያም አፉ ተጠርጎ እንዲለካ አጥብቃ አስተማረች። ከዚያ በፊት የነበሩት የምግብ መጻሕፍት «የእንቁላል ያህል ቅቤ» ይሉ ነበር። የአሜሪካ ቤቶች እስከ ዛሬ በኩባያ የሚያበስሉት እሷ ባጸናችው ልማድ ነው። አውሮፓ ግን ወደ ግራም አዘነበለ፤ የፈረንሳይና የጀርመን የዳቦ አሠራር የሚጻፈው በግራም ነው። እኔ በዚህ ነገር ከአውሮፓውያኑ ጋር ነኝ። አፉ የተጠረገ ኩባያ ቁልሉን ይፈታዋል፣ አየሩን ግን አይፈታውም።

ኩባያ የሚባለው ነገርም ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። የአሜሪካው ወደ 237 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የአውስትራሊያው 250 ነው፤ የጃፓኑ 200። የሾርባ ማንኪያ በአሜሪካ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። ከኢንተርኔት ያገኘችውን የኬክ አሠራር ይዛ ማድ ቤት የምትገባ ሴት፣ አሠራሩ የየት አገር እንደሆነ ካላየች አራት ማንኪያ ያለችው አምስት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለች አንዲት ወጣት የእናቷን ንጥር ቅቤ ልትሠራ ብትነሣ የሚገጥማት እንዲህ ነው። እናት «ለአንድ ኪሎ ቅቤ» ብለው ቅመሙን ነግረዋታል። እሷ የምታገኘው ቅቤ ግን በፓውንድ ታሽጎ፣ ውስጡ በአራት ዘንግ ተከፍሎ የመጣ ነው። አንዱ ዘንግ 113 ግራም፣ አራቱ 454 ግራም ነው። የእናቷ አንድ ኪሎ ከሁለት ፓውንድ አልፎ ወደ ዘጠኝ ዘንግ ይጠጋል። በአራት ዘንግ ላይ የአንድ ኪሎውን ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ ብትጨምር ቅቤው መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ፓውንዱን ከተሻገረች በኋላ ደግሞ አውንስ የሚባል ወጥመድ ይጠብቃታል። አውንስ በአሜሪካ ሁለት ነው፤ አንዱ ክብደት ይለካል፣ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ሌላው ፈሳሽ ይለካል፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በውኃ ላይ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ሰው ልዩነቱን አያስተውልም። ማር ላይ ግን ይጋለጣል። አንድ ኩባያ ማር በፈሳሽ አውንስ 8 ነው፤ ሚዛን ላይ 12 አውንስ ይመዝናል። «12 አውንስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የማር ጠርሙስ ኩባያ ተኩል ሳይሆን አንድ ኩባያ ብቻ ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው በውኃ ነው። የሜትር ሥርዓትን ያወጡት ፈረንሳውያን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኪሎግራምን ሲወስኑ መነሻቸው የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት ነበር። ዛሬ ኪሎግራም የሚተረጎመው በሌላ መንገድ ቢሆንም ለማድ ቤት ሥራ ያ ዝምድና እንዳለ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ዕቃ ይዘት በሚዛን ማወቅ ይቻላል። ባዶውን ጣሳ የማድ ቤት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ ቁልፉን ተጭኖ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መመለስ፣ ከዚያ ውኃ እስከ አፉ መሙላት። 850 ግራም ካለ ጣሳው 850 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሚዛን የሌለው ሰው ደግሞ ሃይላንድ የምንለውን የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይዞ ስንት ጊዜ ጣሳውን እንደሚሞላው ይቁጠር።

የዕቃው ይዘት ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አንድ ማባዛት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቁጥር አለው፤ ተመራማሪዎች እፍጋት ይሉታል። የውኃ 1 ነው። ወተት 1.03 ስለሆነ እንደ ውኃ ቢታይ ጉዳት የለውም። የምግብ ዘይት 0.92፣ ማር 1.42፣ ስኳር 0.85፣ የደቀቀ የገበታ ጨው 1.2 ገደማ ነው። ምስር፣ ሩዝና የጤፍ ፍሬ ሁሉም በ0.8 ዙሪያ ናቸው። የስንዴ ዱቄት ቀስ ተብሎ ከተሞላ 0.5፣ ከታጨቀ 0.65 ድረስ ይሄዳል። 850 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ያ ጣሳ ምስር ሲሞላ 680 ግራም፣ ስኳር ሲሞላ 720 ግራም፣ ዘይት ሲሞላ 780 ግራም፣ ማር ሲሞላ ደግሞ 1.2 ኪሎ ይሆናል። ዱቄት ሲሞላ ከ425 እስከ 550 ግራም ባለው መካከል የሆነ ቦታ ነው። ጣሳው አንድ ነው። ከግራም ወደ ጣሳ መመለስ ለሚፈልግ ማባዛቱን ወደ ማካፈል መቀየር ነው፤ አንድ ኪሎ ምስር ሲካፈል 0.8፣ 1250 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ ይህም አንድ ጣሳ ተኩል የማይሞላ ነው።

በርበሬ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት ግን ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው፤ ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው። አፈጫጨታቸው፣ አደራረቃቸው፣ የገባባቸው ቅመም ከቤት ቤት ስለሚለያይ የሌላ ሰው ቁጥር አያገለግልም። እነሱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ሚዛን ቢመዝን ይሻላል።

ትንንሾቹ ነገሮች ላይ ምክሬ ይለወጣል። ብዙው የማድ ቤት ሚዛን የሚቆጥረው በአንድ አንድ ግራም ነው፤ 2 ግራም እርሾ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ላይ አያምኑትም። እዚያ ላይ ማንኪያ ይበልጣል። መመዘን የግድ ከሆነ አሥር ማንኪያ መዝኖ ለአሥር ማካፈል ነው። ጨው ላይ ግን ማንኪያም ብቻውን አይበቃም። አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ጨው 6 ግራም ነው። ከአሞሌ የተሰበረ ወይም ሻካራ ጨው በዚያው ማንኪያ ሲሰፈር በፍሬዎቹ መካከል አየር ስለሚገባ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ ኮሸር ከሚሉት ጨው አንዳንዱ በማንኪያ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። የምግብ አሠራሩ በአንዱ ተጽፎ በሌላው ከተበሰለ ወጡ ወይ አልጫ ይሆናል፣ ወይ አፍ ያቃጥላል።

የጨው ማንኪያ ከወጥም ያለፈ ጉዳይ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ለምለም የሚባለው መድኃኒት አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጨውና ስኳር ለአንድ ሊትር በግራም ተመጥኖ ስለተዘጋጀ ነው። ከረጢቱ በማይገኝበት ጊዜ በቤት የሚዘጋጀው ደግሞ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ማንኪያዎቹ ሁሉ አፋቸው የተጠረገ። ቁልል ግማሽ ማንኪያ ጨው የተባለውን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ጨው የበዛበት ደግሞ ሕፃን ይጎዳል። ውኃውም በግምት ሳይሆን በአንድ ሊትር ዕቃ መለካት አለበት።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር ምግቡ ራሱ እሳት ላይ ሲለወጥ ነው። ቡና ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ጥሬ ቡና ሲቆላ ውኃው ይወጣና ከክብደቱ ከመቶ 15 ገደማ ያጣል፤ ጠቆር ብሎ ከተቆላ ደግሞ እስከ 20 ይደርሳል። ይዘቱ ግን በተቃራኒው ይነፋል፤ ፍሬው ያብጣል። ምጣድ ላይ ስታምሰው ሲሞላላት የምታይ ሴት ይህን ታውቀዋለች። ስለዚህ «አንድ ሲኒ ቡና ለአንድ ጀበና» ስትባል ጥሬው ነው የተቆላው ብላ መጠየቅ አለባት። አንድ ሲኒ የተቆላ ቡና ከአንድ ሲኒ ጥሬ ቡና በጣም ያነሱ ፍሬዎችን ይዟል፤ ጀበናው ይቀጥናል። ዛላ በርበሬም ዘንጉ ተቀንጥሶ፣ ፍሬው ተራግፎ፣ ደርቆ ሲፈጭ የገዛነው ኪሎ ያው አይሆንም። በገበያ ኪሎና በተዘጋጀ ኪሎ መካከል ያለው ልዩነት አሠራር ሲጻፍ በግልጽ መጠቀስ ይኖርበታል።

ሚዛን የማይደርስበትም ቦታ አለ፤ እንጀራ ነው። ሁለት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ነው፤ ስንት ውኃ እንደሚጠጣ ግን ጤፉና አፈጫጨቱ ይወስናሉ። አዲስ አበባ ላይ የሠራ ሊጥ ሜሪላንድ ላይ፣ ሜሪላንድ ላይ የሠራ ቴል አቪቭ ላይ ሊቀጥን ወይም ሊወፍር ይችላል። አብሲቱ ምን ያህል ይጨመር የሚለውን ሊጡ ከጭልፋ ሲወርድ ዓይቶ የሚፈርደው የጋጋሪዋ ዓይን ነው። ግራም የሚያደርግላት ነገር መነሻውን አንድ ማድረግ ነው፤ ዱቄቱ ከታወቀ የምትጠራጠረው ውኃውን ብቻ ይሆናል። ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን ባንድ ጊዜ ከማሳደድ አንዱን መያዝ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከእናቶቻችን የምንማረው ሙያ ግምት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሳ፣ በአንድ ጭልፋ፣ በአንድ ሲኒ ስትሰፍር ኖራለች፤ ያ ከብዙ ሚዛን የበለጠ የተፈተነ ልኬት ነው። የጎደለው ትርጉሙ ብቻ ነው፤ ያቺ ጣሳ ስንት ግራም እንደምትይዝ አልተጻፈም። ጣሳዋ ዝጋ የተጣለች ቀን፣ ጭልፋው የተሰበረ ቀን ልኬቱም አብሮ ይጠፋል፤ ልጆቹም «የእማዬ ሽሮ አልመጣልኝም» እያሉ ይቀራሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አያትሽ በሕይወት ካሉና የሚሰፍሩበት ዕቃ በእጃቸው ካለ፣ አንድ የማድ ቤት ሚዛን ይዛችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሂዱ። ጣሳውን ባዶውን መዝኑ፣ ውኃ ሞልታችሁ መዝኑ፣ ከዚያ እሳቸው እንደልማዳቸው በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የጤፉን ዱቄት ይስፈሩላችሁና እሱንም መዝኑ። ተቆልሎ ነው ተጠርጎ፣ ጥሬ ነው የተቆላ፣ ለስንት ሰው ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉንም በግራም ጻፉት፤ ወረቀቱንም ለእህት ለወንድሞቻችሁ ላኩላቸው።